ርዕሰ መምህሬን የመዘንኩበት ዓመት

«ለሩቅያ ሁለት ልትጽፍ ነው?»

«ለእሳቸው አይደለም፣ ጋሽ ጌትነት። ለአራተኛው መስፈርት ነው።»

«መስፈርቱ ፊት አለው እንዴ? ነገ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ፊት ለፊት የምትገጥመው መስፈርቱን ነው?»

ክርክሩን የጀመርነው ሻዩ ሲመጣ ነበር፤ አሁን ሻዩ ቀዝቅዟል። የተቀመጥነው በሴትዮዋ ቢሮ፣ በሴትዮዋ ወንበር ላይ ነው። ሻዩንም የላኩልን እሳቸው ናቸው። በመስኮቱ ይታዩኛል። ግቢው መሐል ቆመው የተሰበሩ ዴስኮች የት እንደሚከመሩ ለጥበቃው ያሳያሉ። ምክትላቸው ኢብሳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከኋላ ከኋላቸው ይከተላል። ዴስኮቹ ወደየትኛው ጥግ መሄድ እንዳለባቸው ዓይን ላለው ሁሉ ግልጽ ነበር። እሱ ግን ይከተላል።

«ይዩት» አልኩ።

«ምኑን?»

«ኢብሳን።»

ጋሽ ጌትነት ወደ መስኮቱ አልዞሩም። ከጎጃም ተመድበው መጥተው ሐረር ላይ ያረጁ የትምህርት ባለሙያ ናቸው፤ ሁለት ሰዎች ያሉበት የምዘና ቡድናችን ሰብሳቢም እሳቸው ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሠራውን በአንዲት አኃዝ ማፍረስ ወጣትነት እንጂ ምዘና አይደለም አሉኝ።

የአኃዟን ትርጉም ሁለታችንም እናውቃለን። በአዲሱ አሠራር ማንኛውም ርዕሰ መምህር የትምህርት አመራር ድኅረ ምረቃ ሥልጠናውን ጨርሶ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን አልፎ ፈቃድ መያዝ አለበት። ከግዴታ መስፈርቶቹ በአንዱ እንኳ ሁለት ያገኘ ሰው ፈቃድ አያገኝም። የአንድ ወሰነ ትምህርት ጊዜ ይሰጠዋል፤ ተመልሰን እናየዋለን፤ ያኔም ካልሆነለት ከቦታው ይነሳና ሌላ ትምህርት ቤት ተራ መምህር ሆኖ ይመደባል። እትዬ ሩቅያ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ ግቢ የሚወጡት በጡረታ ይሁን በደብዳቤ፣ በእኔ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ነበር።

ይህን ክርክር እዚህ ላይ ላቁመውና እዚያ ወንበር ላይ እንዴት እንደደረስኩ ልናገር።

ሥራውን የለቀቅሁት ባለፈው ሰኔ ነው። አሁን ፈረስ መጋላ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ይዤ መጽሐፍ እሸጣለሁ፣ አከራያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግጥም የሚጽፉ ወጣቶች ይሰበሰቡብኛል፤ ወንበር ስለማይበቃ ግማሹ የሚያነበው ቆሞ ነው። የሥራ ዘመን ትዝታ እየጻፍኩ መሆኔን ሲሰሙ ሳቁብኝ። እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው ከዘራ መያዝ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ማንጠልጠል አለበት ባዮች ናቸው። እኔ ገና ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ቢሆንም አንድ ሙያ ገብቼበት፣ ተምሬው፣ ሠርቼው፣ ለሌላ ሰው አስረክቤ ወጥቻለሁ። ብዙ ከዘራ የያዙ ሰዎች ሦስተኛውንና አራተኛውን ሳያደርጉ እንደወጡ አይቻለሁ።

ዲግሪዬ የሒሳብ ነው። ግጥምን ያስተማርኩት ራሴን ራሴ ነኝ፤ በተማሪ ደብተር ጀርባ ላይ። የመጀመሪያ ምድቤ ሐኪም ጋራ ዳር፣ አጥሩ ቁልቋል የሆነ ትምህርት ቤት ነበር። ንፋሱ ጠመኔውን ከሰሌዳው ላይ ይጠርገዋል። ርዕሰ መምህሩ ድሮ ወታደር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ግቢውን በፊሽካ ነበር የሚያስተዳድሩት። ለሰልፍ አንድ፣ ለዕረፍት ሁለት፣ ለመምህራን ስብሰባ ሦስት ጊዜ ይነፋሉ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ደመወዝ ሲዘገይ ከኪሳቸው ያበድሩናል። ነገር ግን አንድ ቀን ጉንፋን ይዟቸው ፊሽካውን መንፋት ሲያቅታቸው ልጆቹም መምህራኑም ግቢው ውስጥ ዝም ብለው ቆሙ። ያን ቀን በጣም ስቄያለሁ። ምን እንዳሳቀኝ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከዚያ ጀጎል ውስጥ፣ ወደ ኤረር በር ወዳለው ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። እትዬ ሩቅያን ያገኘሁት እዚያ ነው። ሐረሪዎቹ መምህራን «አይ» ይሏቸዋል፤ በቋንቋቸው እናት ማለት ነው። እኛ የከተማው ክርስቲያኖች «እትዬ» እንላለን። አጭር፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ድምፅ የማይሰማ ሴት ናቸው። ገና በመጣሁ ሳምንት ከትምህርት ዕቅዴ ጀርባ የጻፍኩትን ስንኝ አዩብኝና አነበቡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«ገጣሚው፣ ክፍልፋይን ስታስተምር ግን ቤት አይመታልህም» አሉኝ።

የርዕሰ መምህርነት ሥልጠናው ዕድል ሲመጣ ከትምህርት ቤቱ አንድ ሰው ይላክ ተባለ። ማንም አልፈለገውም፤ ክረምቱን ይበላል፣ የሚጨምረው ደመወዝም አፍ ሞልቶ የሚነገር አልነበረም። እትዬ ሩቅያ እኔን መረጡ። ለምን እኔን እንዳሉ ስጠይቃቸው፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ነው አሉኝ፤ ርዕሰ መምህር የሚቀመጥ ከሆነ መዝገብ ቤት ቢቀጠር ይሻለዋል። እሳቸው ራሳቸው ሥልጠናውን ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች በአንዱ ወስደው ጨርሰዋል። ሲያወሩት ግን ክትባት እንደወሰደ ሰው ነበር፤ ትንሽ ያማል፣ ያልፋል።

ሁለት ክረምት ተመላለስኩ። አዳራሹ ውስጥ ግማሾቻችን ጢማችን ገና ያልጠነከረ ምክትሎች ነን፤ ግማሾቹ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሃያ ዓመት ትምህርት ቤት የመሩ ሰዎች። የሸበቱት ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ። በጠረጴዛ ሥር የባቢሌ ለውዝ ይቀባበላሉ፤ መምህሩ ሲዞር ያኝካሉ፣ ሲመለስ ያቆማሉ። ተማሪዎቻቸውን በዚህ ጥፋት ስንት ጊዜ እንዳንበረከኩ ትዝ አይላቸውም። ሞጁሎቹ ወፍራም ናቸው፤ ብዙው ገጽ ራእይና ተልእኮ ስለመጻፍ ነው። የትምህርት ቤታችንን ራእይ እንድንጽፍ ሲሰጠን አብዛኞቻችን የጻፍነው አንድ ዓይነት ነበር፤ ከተማው ተቀይሮ ቢነበብም ማንም አያውቅም።

አንድ ከሰዓት ግን አይረሳኝም። ድምፃቸው ዝግ ያለ አንዲት መምህርት ገቡና ሞጁሉን አስዘጉን። ነገ ብትታመሙ ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ ምን ምን ይቆማል፣ እያንዳንድሽ፣ እያንዳንድህ ተነሥታችሁ ተናገሩ አሉ። የሸበቱት ደስ አላቸው። አንዱ ተነሥቶ ያለ እኔ ፈተና አይታተምም አለ። ሌላው ያለ እኔ ወላጅ አይመጣም፣ ሌላዋ ያለ እኔ መምህራኑ በሰዓቱ ክፍል አይገቡም። እየተሳሳቀ፣ እየተፎካከረ ዙሩ አለቀ። መምህርቷ ቆመው ሰሙን። ስንጨርስ፣ እስካሁን የነገራችሁኝ ችሎታችሁን ይመስላችኋል፤ እኔ የሰማሁት ያልሠራችሁትን ሥራ ነው አሉ። ለውዙ መቀባበሉ ቆመ። እኔ በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ስለ አንዲት ልጅ ነበር፤ ወደ እሷ እመጣለሁ።

ከሥልጠናው ጋር የተግባር ልምምድ አለ፤ አንድ ዓመት በአንድ ልምድ ባለው ርዕሰ መምህር ሥር። የእኔ አሠልጣኝ እትዬ ሩቅያ ሆኑ። የልምምዱን ማስረጃ ወረቀት፣ ማህደረ ተግባር የሚባለውን፣ በየወሩ በፌስታል እየተሸከምኩ አቀርብላቸው ነበር፤ ገልብጠው ሳያዩ ይፈርማሉ። የሚያስተምሩት ሌላ ቦታ ነው።

ጠዋት በሩ ሲዘጋ እሳቸው ውጭ ይቀራሉ። ይህን ሌላ ቦታ አላየሁም። በሌላው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ውስጥ ሆኖ አርፋጁ ከውጭ ያንኳኳል። እትዬ ሩቅያ ግን ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል በሩን ያዘጉና ከአርፋጆቹ ጋር ግንቡን ተደግፈው ይቆማሉ። አይቆጡም። አንዱን ስለ ጫማው ይጠይቁታል፤ አንዷን ስለ ታናሽ ወንድሟ ሳል። ከቁርአን ቤት ዘግይቶ የወጣው፣ ከእናቱ ጋር ኤረር በር ላይ ጫት ሲያወርድ የረፈደበት፣ ውሃ ወረፋ ላይ የቆመችው፣ ሁሉም እዚያ ግንብ ሥር ይናገራል። ቢሮ ውስጥ ቢጠየቁ «ተኝቼ ነው» ነበር የሚሉት። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ሲል አብረዋቸው ይገባሉ። በየትኛው ቤት እንጀራ እንደጠፋ፣ በየትኛው ቤት አባት እንደታሰረ ከቀበሌው ቀድመው ያውቃሉ።

ክፍል ሲጎበኙ ከኋላ ከልጆቹ መሐል ይቀመጣሉ፤ መምህሩን ግን አያዩም። የመጀመሪያ ቀን አብሬያቸው ስገባ መስፈርት ዘርግቼ የመምህሩን እንቅስቃሴ እጽፍ ነበር። ክንዴን ነካ አደረጉኝና በአገጫቸው የልጆቹን እጆች አሳዩኝ። እርሳስ የሚያዞር፣ ቆዳውን የሚቧጭር፣ መጻፍ አቁሞ የጎረቤቱን የሚጠብቅ። መምህሩ አፉን ሳይዘጋ ትምህርቱ የት ላይ እንደጠፋ ከእነዚያ እጆች ማንበብ ለመድኩ። አስተያየታቸውን በዚያው ቀን አይሰጡም፤ ቢሮ ጠርተውም አይሰጡም። በነጋታው ወደ ቤት ሲሄዱ «እስከ ኤረር በር ሸኘኝ» ይሉታል መምህሩን። አንድ ነገር ብቻ ይነግሩታል። ሁለተኛውን ቢያውቁትም ለሌላ ሳምንት ያስቀምጡታል።

የቀረው ሥራቸው አፎቻ ውስጥ ነበር። አፎቻ የሐረሪዎች የለቅሶና የሠርግ ማኅበር ነው፤ የሴቶቹ ለብቻ ነው። እዚያ የማንንም ልጅ ስም አይጠሩም። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ያሉ ሴቶች ልጆች ማሻአላህ፣ ጎበዞች ናቸው ይላሉ፤ ሌላ ነገር አይጨምሩም። በማግስቱ ልጇን ከትምህርት ልታስቀር የነበረች እናት የእሷም ልጅ ከጎበዞቹ መሆን አለመሆኗን ልትጠይቅ ራሷ ትመጣለች።

እኔ ይህን ሁሉ ወድጄ፣ ቀድቼ፣ ወርሻለሁ። ስለዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን የምጽፈው እንደ ጠላት አይደለም።

የግቢው ጥብቅ ሕግ አንድ ነበር። ያለ እትዬ ሩቅያ ፈቃድ ልጅ ከበር አይወጣም። ምክንያት ነበረው። አንድ ጊዜ ከሚስቱ የተጣላ አባት ልጁን ከክፍል ወስዶ ወደ ሌላ አገር ሊያሸሽ ሲል ተይዟል። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ጸና። የልምምድ ዓመቴ አጋማሽ ላይ የአፎቻቸው አንዲት ሴት ሞተችና እትዬ ሩቅያ ለቅሶ ቤት ዋሉ። በዕረፍት ሰዓት ኢክራም የምትባል የአራተኛ ክፍል ልጅ ከደረጃው ወድቃ በክርኗ መሬት ላይ አረፈች። ክንዷ ማየት የሚያስቸግር ሆነ።

ኢብሳ ያኔም ምክትል ነበር። ከጨለንቆ በኩል የመጣ፣ ትሑት፣ ሥራውን አጥብቆ የሚያውቅ ልጅ ነው። ለእትዬ ስልክ ደወለ፤ ዝግ ነው። የእናቷም አይነሳም። ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም፤ ባጃጅ በር ላይ ቆሟል። ጥበቃው በሩን አልከፍትም አላለም፤ ኢብሳም ክፈት አላለውም። ሁለቱም የሚጠብቁት እሳቸውን ነው። አንዱ መምህር ለቅሶ ቤት ሄጄ ልጥራቸው አለና ሌሎቹ ከለከሉት። ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ ስም የሚጠራ ሰው ሌላ ሞት ይዞ የመጣ ነው የሚመስለው፤ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። እትዬን በዚያ መሐል ማስነሣት ነውር ነው። ሁላችንም ይህን እናውቃለን። አሁን ይመጣሉ፣ ከዙሁር ሰላት በኋላ ይነሣሉ ተባለ። ኢክራም መጀመሪያ አለቀሰች፤ በኋላ ማልቀሱን ተወችና ጣቶቿን ታይ ጀመር። ጣቶቿ ቀለማቸው ተለውጦ ነበር።

እትዬ ሩቅያ መጡ። አዩ። ልጅቷን ታቅፈው ሮጡ፤ ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሆስፒታል የተቀበለችን ነርስ ክንዱን ገልጣ አየችና፣ እስካሁን የት ነበራችሁ አለች። ኢክራም ዛሬም ቀኝ እጇ ጨርሶ አይጨበጥም። በግራዋ መጻፍ ተምራለች።

በማግስቱ እትዬ ሩቅያ መምህራኑን ሰበሰቡ። ዓይናቸው አብጧል። ለምን አልጠራችሁኝም አሉ። ከዚያ በኋላ ለቅሶም ቢሆን፣ ሠርግም ቢሆን፣ ሰላት ላይም ብሆን ስልኬ አይዘጋም አሉ። ቃላቸውን ጠብቀዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ስልክ ተዘግቶ አያውቅም። እኛም ሁላችን ነገሩ ተስተካከለ ብለን ተበተንን። እኒያ ድምፃቸው ዝግ ያለው መምህርት አዳራሹ ውስጥ እስኪናገሩ ድረስ እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው።

ሥልጠናዬን ጨርሼ፣ ምዘናውን አልፌ፣ አቦከር ወረዳ ውስጥ ርዕሰ መምህር ሆኜ ተመደብኩ። ምክትሌ ትዕግሥት ትባላለች። የመጀመሪያ ሥራዬ ልጅ ከታመመ ማንም መምህር ሳይጠይቀኝ ይዞ ይውጣ፣ ለትዕግሥት ይንገር፣ ይሂድ የሚል ነበር። ቀጥሎ የፈተናውን መርሐ ግብር፣ ከዚያ የፈረቃውን ድልድል ለትዕግሥት ሰጠኋት። በመጀመሪያው ወር ሁለት ፈተና በአንድ ሰዓት ወደቀ። ወንበር ጠፋ። መምህራኑ ሰውየው ቢሮ ቁጭ ብሎ ግጥም ይጽፋል እያሉ አሙኝ፤ ሐሜቱ ግማሹ እውነት ነበር። ትዕግሥት ስትሳሳት ምላሴን መንከስ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ከባዱ ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሳምንት ሙሉ ብጠፋ ግቢው መጥፋቴን አያውቅም ነበር። ይህ ያስከፋቸው ርዕሰ መምህራን አይቻለሁ። እኔን እንቅልፍ ሰጠኝ።

ይህ አሠራሬ ነው መሰለኝ ለምዘና ቡድን ያስመረጠኝ። እና ከተመዛኞቹ ስም መሐል የእትዬ ሩቅያ ስም መጣ። ልቀየር ብዬ ጠየቅሁ፤ ሰው የለም አሉኝ።

እነሆ ወደ ቢሮው ተመልሰናል።

ለጋሽ ጌትነት የኢክራምን ነገር ነገርኳቸው። አልሰሙም ነበር። እየተናገርኩ ሳለ መነጽራቸውን አንሥተው ጠረጉት፤ መልሰው አስቀመጡት። በቀሩት መስፈርቶች ሁሉ አራት አራት እንደሰጠኋቸው፣ አንዱንም እንዳልነፈግኋቸው አሳየኋቸው። የክፍል ጉብኝታቸው ከአራት በላይ መስጠት ቢቻል አምስት ይባል ነበር።

«በሦስት ብታሳልፋቸው ምን ይጎድልሃል?» አሉኝ በመጨረሻ።

«እኔ ምንም አይጎድለኝም። ኢብሳ ይጎድለዋል። እሳቸው በሁለት ዓመት ይሄዳሉ፤ እሱ ያን ዕለት እንደቆመ ይቀራል።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ጻፍ አሉኝ፤ ግን የምትነግራቸው አንተ ነህ፣ እኔ ይህን ፊት አላይም አሉ። ሲነገራቸው ግን ከቢሮው አልወጡም፤ አጠገቤ ተቀምጠው ጫማቸውን ያዩ ነበር።

እትዬ ሩቅያ በራሳቸው ቢሮ እንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ።

«ሁለት? ሒሳብ አስተማሪ ሆነህ ቁጥር ትሰስታለህ?»

«አራተኛው መስፈርት ነው፣ እትዬ። ሥልጣን ማካፈልና ተተኪ ማብቃት።»

ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ሄደ። ኢብሳ ምን አጠፋ አሉኝ። ምንም አላጠፋም፣ እንዲያጠፋ ዕድል አላገኘም አልኳቸው።

«አንተን በሩ ላይ አቁሜ ሥራ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት።»

«ዛሬ እኔን መዝነህ አቀለልከኝ።»

«እትዬ፣ ነገ እርስዎ ቢታመሙና ልጅ ብትወድቅ፣ ኢብሳ ይዟት ይወጣል?»

ማንን እንዳልኩ ገባቸው። ሻሻቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ።

«ስልኬ ክፍት ነው» አሉ።

«ያን ቀን የጎደለው ስልክ አልነበረም።»

ጥበቃውን ጠርተው እንግዶቹን ሸኝ አሉት። በሕይወቴ ከዚያ ግቢ እንግዳ ተብዬ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከተማው ወሬውን ለመስማት ቀን አልፈጀበትም። እናቴ ሳትቀር በልተህ በጠገብክበት ቤት እያለች ወቀሰችኝ፤ አንዲት የእስላም እመቤት እንደ ልጇ አድርጋ አስተምራህ ብላ የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ፊት አንገቷን ደፋች። የጀጎል መንገዶች ጠባብ ናቸው፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ አይተላለፍም። እትዬ ሩቅያን በዚያ ወሰነ ትምህርት ስንት ጊዜ እንዲህ አገኘኋቸው። ሰላምታ አይነፍጉም፤ ለግድግዳው ሰጥተውት ያልፋሉ። «ገጣሚው» ማለት ቀረ። በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። ከስድቡ ሁሉ የከፋኝ ያ ነው።

ሆኖም አልጸጸተኝም፤ ዛሬም አይጸጽተኝም። ትልቅ ነገር የቀየርኩ መስሎኝ አይደለም። የማውቀውን በልኩ ስለጻፍኩት ነው።

የድጋሚ ምዘናው ቀን የካቲት ላይ ሆነ። ጋሽ ጌትነትና እኔ ሄድን። እትዬ ሩቅያ በሩ ላይ ተቀበሉን፤ ኢንሻአላህ የመምህራን ስብሰባ ስላለ እዚያ ተቀመጡ፣ የምታዩት ካለ እዚያ ታያላችሁ አሉን።

ስብሰባው ስለ ፈረቃ ነበር። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ረመዳንና ሁዳዴ ተገናኝተዋል፤ ግማሹ መምህር እስከ መግሪብ ይጾማል፣ ግማሹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ሁሉም የጠዋት ፈረቃ ይፈልጋል፣ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሆድ ይዞ ሰሌዳ ፊት መቆም የሚሻ የለም። በየዓመቱ በዚህ ነገር ጠብ ይጀመራል፤ በየዓመቱ እትዬ ሩቅያ አንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ ሁሉም እሺ ይላል። እኔም እዚያ ሳስተምር እሺ ብያለሁ።

አሁንም ጠቡ ተጀመረ። ከእስላሞቹ አንዱ ውሃ እንኳ አንጠጣም፣ ልዩነቱን እዩ አለ። ከክርስቲያኖቹ አንዷ እኛ ሃምሳ አምስት ቀን ነው የምንጾመው፣ እናንተ በወር ትጨርሳላችሁ አለች። አንድ ሌላ መምህር የማይጾሙ አሉ፣ እናውቃቸዋለን፣ እነሱ ከሰዓት ይግቡ ሲል ክፍሉ ሳቀ፤ ሁለት ሰዎች ግን አልሳቁም። ድምፁ ከፍ አለ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ እትዬ ሩቅያ ዞሩ።

ኢብሳ ከፊት ለፊት፣ ሰሌዳው ሥር ተቀምጦ ነበር። እሱም ወደ እሳቸው ዞረ።

እትዬ ሩቅያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጃቸውን አዩ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አየሁ፤ መልሱ ምላሳቸው ጫፍ ላይ እንደነበረ እምላለሁ፣ ምናልባትም ትክክለኛው መልስ ነበር።

«ዘንድሮ ኢብሳ ይወስናል» አሉ።

ኢብሳ ደነገጠ። «እትዬ፣ እርስዎ እያሉ...»

«ችግሩ እሱ ነው እኮ። እኔ እዚህ እስካለሁ እኔን ነው የምታዩት።»

ተነሡ። ሻሻቸውን አስተካከሉ። በእኔና በጋሽ ጌትነት መካከል ሲያልፉ ወደ ማናችንም አላዩም። ከሐረሪዎቹ መምህራን አንዱ ሊጠራቸው «አይ» ብሎ ጀመረና ኢብሳ እጁን አንሥቶ አስቆመው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በመጀመሪያ በጾም የተፎካከራችሁት ሁለታችሁ ይቅርታ ትጠያየቃላችሁ፣ ከዚያ ማን የጠዋቱን እንደሚተው ከራሴ ጀምሬ እጠይቃለሁ አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ግን ክፍሉ ሰማው።

እትዬ ሩቅያም ደጃፉ ላይ ሆነው ሰምተውታል፤ እግራቸው ለአፍታ ቆም ብሏል። አልዞሩም። ወጡ፤ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።